ሂሳብ ማወቅና ሂሳብ ማስረከብ

በሹም እጅ ያለ ገንዘብ ሁሉ የአደራ ገንዘብ ነው። የመንግሥቱ ገንዘብ ግብር ከሚከፍለው ሕዝብ፥ የማኅበሩ ገንዘብ ከማኅበርተኛው፥ የቤተ ክርስቲያኑም ገንዘብ መባ ከሚያገባው ምእመን የመጣ ነው። ስለዚህ ገንዘብ እንዲጠብቅ የተሾመ ሰው ከተሾመበት ቀን አንሥቶ የሂሳብ ባለዕዳ መሆኑ የታወቀ ነው። ይህን ዕዳ ለመክፈል የሚያስችለው ጥበብ የሂሳብ አያያዝ ትምህርት ሲሆን፥ በሐዋሳ ከተማም ወጣቶች መርጠው ይማሩታል። ነገር ግን ዲግሪው የት እንደሚያደርስ፥ ከዲግሪውም በኋላ ምን እንደሚቀር አጥርቶ መመርመር ያስፈልጋል፤ ሂሳብ ማወቅ አንድ ነገር፥ ሂሳብ ማስረከብ ግን ሌላ ነገር ነውና።

የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ መሠረቱ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1976 የተከፈተው የእርሻ ኮሌጅ ነው። ይህ ኮሌጅ በ1992 ዓ.ም. ከዲላና ከወንዶ ገነት ኮሌጆች ጋር ተዋሕዶ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ የከተማይቱን ስም ያዘ። መጀመሪያ ስለ መሬትና ስለ ሰብል ለማስተማር የቆመ ቤት ዛሬ ከሌላው ትምህርት ጋር አካውንቲንግና ፋይናንስንም ማስተማሩ፥ ከተማይቱ ከደረሰችበት ደረጃ የተነሣ ነው።

ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተደረገው ሕዝበ ውሳኔ በኋላ ሲዳማ በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. 10ኛው ክልል ሆኖ ሲቆም ሐዋሳ መቀመጫው ሆነች። ክልል መሆን ማለት የራስን በጀት መያዝ ማለት ነው፤ በጀትም ከቢሮ እስከ ወረዳ የሚጽፈው፥ የሚቆጥረውና የሚመረምረው ሰው ይፈልጋል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ የወጪ ሂሳብ የሚባለውን ዕውቀት ይሻል፤ ይኸውም አንድ ሸሚዝ በክርና በጨርቅ፥ በደመወዝና በመብራት ስንት እንደ ፈጀ ለይቶ ማወቅ ነው። አሜሪካ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል ባስወጣች ጊዜ፥ እንዲህ ያለውን ሂሳብ አጥርቶ የያዘ ፋብሪካ ሌላ ገበያ ያዋጣው ወይም አያዋጣው እንደ ሆነ ከመዝገቡ ለማየት ይችል ነበር፤ ያልያዘ ግን በግምት ከመወሰን በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም።

የሂሳብ ጥቅም ለፋብሪካና ለቢሮ ብቻ አይደለም። የሲዳማ ቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል የሆነ ገበሬ እሸት ቡናውን በኪሎ አስረክቦ የመጀመሪያውን ዋጋ ይቀበላል፤ ቡናው ከተሸጠና ወጪው ከተቀነሰ በኋላም ትርፍ ከተገኘ ባስረከበው መጠን ድርሻው ይታሰብለታል። ይህ ገበሬ የውጭ አገር ገበያን ዋጋ በዓይኑ አያይም፤ የሚያምነው በማኅበሩ መዝገብ ነው። መዝገቡ ቢሳሳት ወይም ቢዋሽ ገበሬው የዓመት ድካሙን ያጣል፤ ማን እንደ ወሰደበትም ለማወቅ አይችልም።

ይህ ጥበብ ለቤተ ክርስቲያን ተማሪ እንግዳ መስሎ ሊታይ አይገባም። በባሕረ ሐሳብ አበቅቴና መጥቅዕ በየራሳቸው መንገድ ይወጣሉ፤ ሲደመሩ ግን ዘወትር 30 ይሆናሉ። በ2017 ዓ.ም. አበቅቴው 1፥ መጥቅዑ 29 ነበረ፤ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ አበቅቴው 12፥ መጥቅዑ 18 ነው። ድምሩ 30 ካልመጣ ሊቁ ስሕተት መኖሩን ወዲያው ያውቃል። ባለሁለት ወገን የተባለው የሂሳብ አመዘጋገብም እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዱ ብር በዴቢትና በክሬዲት ሁለት ጊዜ ይጻፋል፥ የሁለቱም ወገን ድምር እኩል መሆን አለበት። ይህን የቬኒስ ነጋዴዎች ልማድ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1494 በመጽሐፍ አሳትሞ ያስፋፋው ሉካ ፓቾሊ የተባለ መነኵሴ ነበር። ሆኖም ድምሩ ትክክል መሆኑ ብቻ እውነተኛነቱን አያረጋግጥም፤ በሐሰተኛ ደረሰኝ የተጻፈም ሂሳብ በሁለቱ ወገን እኩል ሊሆን ይችላል። ከዚህ ላይ የቁጥር ሥራ አብቅቶ የሕሊና ሥራ ይጀምራል።

በኢትዮጵያም ግምጃ ቤት የሚጠብቅ በጅሮንድ፥ ቀረጥ የሚሰበስብ ነጋድራስ ከጥንት ነበረ፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙም የገንዘብ ሥራ በጅሮንድ ሙሉጌታ እጅ ገባ። የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ሲከፈት ደግሞ የዘመናዊው ሂሳብ አያያዝ ትምህርት በር ተከፈተ።

ዛሬ የትምህርቱ ደረጃ ብዙ ነው። በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት የተማረ ደረሰኝ መመዝገብንና የደመወዝ ሂሳብ መሥራትን ይለምዳል። በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማር የፋይናንስ፥ የወጪ፥ የግብርና የኦዲት ሂሳብን ያጠናል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ለመመረቅ የመውጫ ፈተናን ማለፍ ግዴታው ሆኗል። ዲግሪውን የያዘ ሰው በመንግሥት ቢሮ ሂሳብ ሹም ወይም የውስጥ ኦዲተር፥ በባንክ የብድር መርማሪ፥ በግብር ቤት ባለሙያ፥ በፋብሪካም የወጪ ተቆጣጣሪ ሊሆን ይችላል። ለማስተማርና ለምርምር የሚሻ ወደ ሁለተኛ ዲግሪና ከዚያም በላይ ይሄዳል።

ነገር ግን ብዙዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ፤ ዲግሪ የትምህርት ምስክር ነው እንጂ የሙያ ፈቃድ አይደለም። የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ድርጅቶች ዓለም አቀፍ ደረጃን ተከትለው ሂሳባቸውን እንዲያቀርቡ አዟል፤ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም በዚህ መሠረት ተቋቁሟል። የሌላውን ድርጅት ሂሳብ መርምሮ ምስክርነቱን በፊርማው የሚሰጥ ሰው በዚህ ቦርድ መመዝገብ አለበት። ወደዚህ ከሚያደርሱት መንገዶች አንዱ መቀመጫው በለንደን የሆነው የኤሲሲኤ ማኅበር ፈተና ነው፤ እርሱም 13 ፈተናዎችና የ3 ዓመት የተመሰከረ የሥራ ልምምድ አሉት፥ በዲግሪ ለመጣ ሰውም ከፈተናዎቹ ከፊሉ ይቀርለታል። በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ስለ ጀመረም፥ አክሲዮን የሚገዛ ሰው የሚመካበት የተመረመረ ሂሳብ ከቀድሞው ይልቅ ይፈለጋል። ስለዚህ ወጣቱ በምረቃው ቀን ትምህርቱን ፈጽሜአለሁ ቢል ከደጁ ቆሞ ቤት ገባሁ እንደሚል ሰው ይሆናል።

ይህ የተማሪው ድርሻ ነው፤ ከዚህ የሚከብደው ግን የአለቆች ድርሻ ነው። የፌዴራሉ ዋና ኦዲተር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 መሠረት መርምሮ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚያቀርበው ሪፖርት ውስጥ፥ በወቅቱ ያልተወራረደ ሂሳብና ማስረጃ የሌለው ወጪ በተለያዩ ዓመታት ተደጋግመው ተጠቅሰዋል። የዚህ ምክንያቱ የሂሳብ ዕውቀት ማነስ ብቻ ነው ለማለት አይቻልም፤ በየቢሮው ዲግሪ የያዙ ሰዎች አሉና። አለቃው ያለ ሠነድ ክፈል ብሎ ሲያዝ፥ ሂሳብ ሹሙም እንጀራዬን አጣለሁ ብሎ ሲፈርም፥ የአራት ዓመት ትምህርት በአንድ ፊርማ ይፈርሳል። አንዱን መዝገብ ለራሱ፥ ሌላውን ለግብር ሰብሳቢ የሚያስጽፍ ነጋዴም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በሚወደድበት ቢሮ እውነተኛ ሂሳብ ያዥ እንደ ጠላት መቆጠሩ አያስደንቅም።

እንግዲህ መድኃኒቱ የሚጀምረው ከአለቃው ጠረጴዛ ነው። የሚያዝ፥ የሚከፍልና የሚመዘግብ ሰው የተለያየ መሆን አለበት፤ ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት ብዙ ሰዎች በተገኙበት የሚቆጠረው ሰውን በመጠራጠር ሳይሆን ሰውን ከፈተና ለመጠበቅ እንደ ሆነ ካህናት ያውቃሉ። ሂሳብ ሹሙ ሠነድ የለውም ብሎ የመለሰው ትእዛዝ እንደ እምቢተኝነት ሊቆጠርበት አይገባም፤ ይልቁንም አለቃውን ከነገ ተጠያቂነት የሚያድን አገልግሎት ነው። የውስጥ ኦዲተሩም ጉድለት ስለ ጻፈ ብቻ ከቦታው እንዳይነሣ መጠበቅ ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲውም ተማሪው ከመመረቁ በፊት በወረዳ፥ በማኅበርና በፋብሪካ እውነተኛውን መዝገብ እንዲያይ ቢያደርግ፥ ቁጥሩ ከሰው ኑሮ ጋር እንዴት እንደ ተሳሰረ ያስተውላል።

የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ቀን ያልቃል፤ በዚያን ጊዜ በየቢሮው መዝገብ ይዘጋል፥ ገቢና ወጪም ይተያያል። በሐዋሳ ተምሮ የሚወጣው ወጣት ያንን መዝገብ ለመዝጋት የሚበቃ ዕውቀት ይኖረዋል። እውነተኛውን ቁጥር ጽፎ እንዲዘጋው ማስቻል ግን ከበላዩ የሚፈርሙት ሹማምንት ሥራ ነው።