ለኩሬው የሚስማማው ዓሣ የትኛው ነው?

በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከማር ጋር የዓሣ እርባታም እንዲስፋፋ በየጓሮው ኩሬ መቆፈር መያዙ ይታወቃል። ይሁን እንጂ የኩሬ ብዛት የዓሣ ብዛት አይደለም። ወደ ኩሬው የሚገባው ጫጩት ብዙ ጊዜ የተገኘው ነው እንጂ የተመረጠው አይደለም።

በብዛት የሚታደለው ቆሮሶ ነው። ፉርሽካና ፋጉሎ በልቶ ያድጋል፤ ሥጋውም ተወዳጅ ነው። ዳሩ ግን ሙቀት ይሻል። ውኃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሞቅ ይፋፋል፤ ከ20 በታች ሲወርድ እድገቱ ይጓተታል። ስለሆነም ውርጭ ለሚመታው ደጋ አይሆንም፤ እዚያ ብርድ የሚችለው ካርፕ ይሻላል።

ቆላም ቢሆን ሌላ ጣጣ አለ። ቆሮሶ ገና በጥቂት ወር ዕድሜው መዋለድ ስለሚጀምር ኩሬው ጣት በሚያካክሉ ዓሣዎች ይሞላል። ምግብ ይሻማሉ፤ ለገበታ የሚበቃ ይጠፋል። ገበሬውም «አላድግ አለኝ» ብሎ ኩሬውን ይደፍናል፤ ጎረቤቱም ያንን አይቶ ይሸሻል።

መላው ቆሮሶው ጠንከር ካለ በኋላ ከእርሱ ያነሰ አምባዛ በጥቂቱ መጨመር ነው። አምባዛ ትርፉን ግልገል ይበላል፤ ከላይ አየር ስለሚስብም የደፈረሰ ውኃ ይችላል። ወንድ ቆሮሶ ብቻ ማስገባትም ሌላው መንገድ ነው።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች ጫጩት ከመረከባቸው በፊት ዓይነቱንና ቁጥሩን ይጠይቁ። ለ100 ካሬ ሜትር ኩሬ 200 ያህል ጫጩት ይበቃል።