ፍቅረኛ ወይስ እጮኛ?

ከመካከላችን አንዷ አሜሪካ ውስጥ ማስተርስ ለመማር ተቀባይነት አግኝታለች። አይ-ትዌንቲ የሚባለው ወረቀት ከዩኒቨርሲቲው ደርሷታል፤ የትምህርት ክፍያዋን አብዛኛውን የሚሸፍን ስኮላርሺፕም አላት። እልል ብለን ልናቅፋት ስንነሳ ፊቷ ዳመነ። «ስለ እሱ ቢጠይቁኝስ?» አለችን።

እሱ ማለት ሦስት ዓመት ሙሉ በስልክ ሲያመሻሹ የኖሩት፣ ሁለት ጊዜ መጥቶ ያየችው፣ እናቷ የሠሩትን ዶሮ ወጥ በልቶ ያለቀሰው (ከበርበሬው ይሁን ከናፍቆት እስካሁን አልታወቀም)፣ እዚያው አሜሪካ የሚኖረው ልጅ ነው።

ማኪያቷችን እስኪቀዘቅዝ ድረስ ምክር አዘነብንላት። አንዷ «ፎቶዎቹን በሙሉ አጥፊ» አለች። ሌላዋ «የአክስቴ ልጅ ነው በይ» አለች። የመጨረሻውን ምክር ግን ያመጣችው ባለታሪኳ ራሷ ናት፤ ቅጽ በማስሞላት የሚተዳደር አንድ ደላላ «እዚህ እጮኛ እንዳለሽ አድርገን ቀለበት እናድርግልሽ፣ የምትመለሺበት ምክንያት ይሆናል» ብሏታል። ሳቅን። ከሳቅን በኋላ ግን ዝም አልን። እዚያ ያለውን እውነተኛ ፍቅር ደብቂ፣ እዚህ የሌለውን ፍቅር ፍጠሪ ማለት እኮ ነው!

እንግዲህ የዚህ ሳምንት ወጋችን ይኸው ነው። አቋማችንንም ከወዲሁ እንናገር፤ ፍቅረኛ መኖሩ ወንጀል አይደለም፣ መዋሸት ግን ሁለት ነገር ያሳጣል።

በመጀመሪያ ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ አንቀጽ 214 ቢ የሚባል ነገር አለው። ለተማሪም ሆነ ለጎብኚ ቪዛ የሚያመለክት ሰው፣ ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ፣ ለመቅረት እንደሚሄድ ይገመታል። የማስረዳቱ ሸክም የአመልካቹ ነው። ለኩባንያ ተቀጥረው የሚሄዱት የኤች-ዋን-ቢ እና የኤል ቪዛ አመልካቾች ግን ከዚህ ግምት ነፃ ናቸው። ባለሙያው የመቅረት ሐሳብ ቢኖረው በዚያ ምክንያት አይከለከልም፤ ተማሪዋ ግን መመለሷን ማሳመን አለባት።

በምን ታሳምን? ቤት፣ ትዳር፣ ልጅ፣ ቋሚ ሥራ ይባላል። እኛ በሃያዎቹ ያለን ሰዎች ምን አለን? ስማችን የተጻፈበት ብቸኛ ንብረት ስልካችን ነው። እናቶቻችን በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም የተመዘገቡበት ደብተር እንኳ ዕጣው አልወጣም። በዚህ ዕድሜ ሰውን የሚያስረው ገመድ ፍቅር ነው። የዚህችኛዋ ጓደኛችን ገመድ ደግሞ ሌላኛው ጫፉ እዚያ ነው የታሰረው። ልጁ ቦሌ ቢሆን ኖሮ ማስረጃዋ ይሆን ነበር፤ እዚያ በመሆኑ ብቻ ክስ ሆነባት።

ይህን ሕግ ስንወቅስ ግን ራሳችንንም እንታዘብ። በዲቪ ዘመን ትናንት የተዋወቁ ሰዎች ዛሬ ባልና ሚስት ሆነው ፎቶ ሲነሱ ያላየ ሰፈር አለ እንዴ? ፍቅርን ትኬት ማድረግ እኛም አስተምረናል። አሁንም ወንድ ልጅ የውጭ ትምህርት ዕድል ሲያገኝ ጎረቤት «ምን ሊያጠና ነው?» ይላል። ሴት ልጅ ስታገኝ «እዚያ ማን አላት?» ይላል። ቆንስላው ሳይጠረጥረን በፊት ሰፈራችን ጠርጥሮናል።

ወደ ቅጹ እንመለስ። ዲ-ኤስ 160 የሚባለው የማመልከቻ ቅጽ ወላጆችን ከጠየቀ በኋላ ሌላ የቅርብ ዘመድ አሜሪካ ውስጥ አለ ወይ ይላል። የቅርብ ዘመድ ሲል የትዳር ጓደኛ፣ እጮኛ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ማለቱ ነው። ልብ በሉ! እጮኛ አለ፤ ፍቅረኛ የለም። ስለዚህ ፍቅረኛ ብቻ ያላት ልጅ እዚያ ቦታ ላይ «የለኝም» ብትል አልዋሸችም። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ እሺ ብሎ፣ ቀለበት ታስሮ «የለኝም» ካለች ግን ዋሽታለች።

ልጁ በሌላ በርም ሊገባ ይችላል። ወጪሽን የሚሸፍነው እሱ ከሆነ ቅጹ ከፋዩን ይጠይቃል። የምታርፊው እሱ ቤት ከሆነ አድራሻውን ይጠይቃል። ዩኒቨርሲቲው የከፈለላት፣ ዶርም የያዘች ተማሪ እነዚህ በሮች አይከፈቱባትም። በቃለ መጠይቁ ላይ በቀጥታ ከተጠየቀች ደግሞ መልሱ አጭር ነው፤ «አዎ፣ ፍቅረኛ አለኝ፤ የምሄደው ግን ለዚህ ትምህርት ነው።» ቀጥላ ለምን ያንን ትምህርት እንደመረጠች፣ ስትመለስ ምን ልትሠራበት እንዳሰበች መናገር ካልቻለች ችግሩ ልጁ ላይ አይደለም።

ፎቶ ማጥፋቱስ? እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ቅጹ ያለፉትን 5 ዓመታት የማኅበራዊ ሚዲያ ስሞቻችንን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ደግሞ የተማሪ ቪዛ አመልካቾች ገጾቻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ታዟል። ከቀጠሮ በፊት የሦስት ዓመት ፍቅርን ጠራርጎ ያጠፋ ገጽ ከፎቶዎቹ የባሰ ጥያቄ ያስነሳል ባዮች ነን።

አሁን ውሸት የሚያሳጣንን ሁለት ነገር እንናገር። አንደኛው መንገዱን ራሱን ነው። በ214 ቢ የተከለከለ ሰው እንደገና ማመልከት ይችላል። ቅጣቱ ገንዘብና ልብ ነው። የቪዛው 185 ዶላር አይመለስም፤ ለተማሪነት ምዝገባ የሚከፈለው ሌላ 350 ዶላርም አለ። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ይህ ድምር ሠላሳ ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ያማል፤ ግን ያልፋል። ወሳኝ ነገር ሆን ብሎ በመዋሸት የተያዘ ሰው ግን የመግባት መብቱን ዕድሜ ልኩን ያጣል። ይቅርታ የሚጠየቅበት ቀዳዳ ቢኖርም ጠባብ ነው። ነገ በትክክለኛው ሠርግ፣ በትክክለኛው ወረቀት ስትሄጂ ያ ውሸት በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል። ደላላው ያኔ ስልክ አያነሳም!

ሁለተኛው ልጁን ነው። «የአክስቴ ልጅ» ብለሽ የጀመርሽው ፍቅር እዚያ ስትደርሺ በምን ስም ሊቀጥል ነው? በመስኮት ፊት የካድነውን ሰው ቤት ስንገባ አለሁልህ ማለት ይከብዳል።

የዚያኑ ያህል ለራሳችንም መዋሸት የለብንም። ከመካከላችን ትምህርቱን እንደ መሻገሪያ ብቻ የሚያዩ የሉም አንልም። ልባችሁ ያለው ትዳሩ ላይ ከሆነ የራሱ መንገድ አለው። አሜሪካዊ ዜጋ ለእጮኛው የኬ-ዋን ቪዛ መጠየቅ ይችላል። ባለፉት 2 ዓመታት ውስጥ በአካል መተያየት፣ ከገቡ በኋላም በ90 ቀን ውስጥ መጋባት ግድ ነው። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ግን ይህን ለእጮኛው ማድረግ አይችልም፤ አግብቶ ለሚስቱ ማመልከትና ወረፋ መጠበቅ ነው ዕድሉ። እንግዲህ ጥሎሽ ከመቆጠሩ በፊት «ዜጋ ነህ ወይስ ባለ ግሪን ካርድ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። በተማሪ ቪዛ ገብቶ በ90 ቀን ውስጥ ተጋብቶ እዚያው መኖር መጀመርም፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው መመሪያ መሠረት፣ መጀመሪያውኑ ዋሽታለች ሊያስብል ይችላል።

ወደ ጓደኛችን እንመለስ። የልጁ ቤተሰቦች ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልኩ ነው ይባላል። ቀጠሮዋ ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ ቀድመው ከመጡና እሺ ከተባሉ ቅጹ ላይ የሞላችው መልስ አርጅቷል፤ «እጮኛ አለኝ» ማለት ሊኖርባት ነው። ከመካከላችን ግማሹ «ሽማግሌ ይዘግይ፣ ትምህርት አይዘገይም» አለ። ግማሹ «እንዴት የባዕድ አገር ቅጽ የአባቶችን ደጅ ይዘጋል?» ብሎ ተቆጣ። እኛ በበኩላችን ቅጹን ለማስደሰት ሲባል ሽማግሌውም አይጠራ፣ አይከልከልም፤ ሁለቱ በራሳቸው ሰዓት ይወስኑና መስኮቱ ፊት የዚያን ቀን እውነት ይነገር እንላለን።

እሷ ግን እኛን አዳምጣ ስትጨርስ ስልኳን ይዛ ወጣች። ልጁን «እኛ ምንድን ነን?» ብላ ልትጠይቀው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ተጠያይቀው አያውቁም ነበር። ለዚህ ለዚህማ ቅጹም አንድ ነገር ጠቅሟል!

ምን እንዳላት ገና አልነገረችንም። ቀጠሮዋ ግን በሚቀጥለው ወር ነው፤ እናንተም በጸሎታችሁ አስቧት።