የናስ ቴሌስኮፕ ሠሪዎችና የሥነ ፈለክ ዕውቀት፦ የእጅ ሙያ በምርምር ውስጥ ስላለው ቦታ

የሥነ ፈለክ ታሪክ በአብዛኛው የሚነገረው በተመልካቾችና በቀማሪዎች ስም ነው። ጁዜፔ ፒያዚ በሲሲሊ ደሴት በፓሌርሞ ከተማ ሆኖ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ሴሬስን አገኘ፤ ፍሪድሪክ ቤሰል በ1838 የ61 ሲግኒን ርቀት ለካ ይባላል። ሁለቱም አባባሎች እውነት ናቸው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደሉም። ፒያዚ የተመለከተበትን የናስ ክብ የሠራው ጄሲ ራምስደን የተባለ የለንደን የእጅ ባለሙያ ነበር፤ ቤሰል የለካበት ሄሊዮሜትርም ከባቫሪያው ከዮሴፍ ፍራውንሆፈር ወርክሾፕ የወጣ ነው። የተመልካቹ ስም በግኝቱ ላይ ሲቀር የሠሪው ስም ወደ ግርጌ ማስታወሻ ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜም ከዚያው ይጠፋል።

ይህ የምስጋና ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላነጋገረ ነበር። ጉዳዩ ግን ዕውቀት እንዴት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚተላለፍ የሚመለከት ነው። መሣሪያ መሥራት ለምርምር ከውጭ የሚቀርብ አገልግሎት ሳይሆን የምርምሩ አንድ ክፍል ነው፤ የድኅረ ምረቃ ትምህርትም ይህን ሙያ የሚመዝንበትና የሚያስተላልፍበት ሥርዓት ሊኖረው ይገባል። ከዚህ በታች የሚቀርበው ሐሳብ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በነበሩ የናስ መሣሪያ ሠሪዎች ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ናስና የልኬት ወሰን

ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው። የለንደን መሣሪያ ሠሪዎች የመረጡት ስለሚያምር ብቻ አልነበረም። በቶርኖና በሞረድ ሲሠሩት ይታዘዛል፤ እንደ ብረት አይዝግም፤ የኮምፓስን መርፌ አያስትም፤ ቀጭን መስመር ሲጫርበትም ጠርዙ ሳይፈርስ ይቀበላል። የቴሌስኮፑ ቱቦ የሚሠራው የናስ ዝርግ በክብ ዘንግ ላይ ተጠቅልሎ፣ መጋጠሚያው ተበይዶና ተወልውሎ ነው። ምስሪቶቹን የሚይዙት ቀለበቶች በቶርኖ ተቀርጸው በብሎን ጥርስ ይጋጠማሉ፤ በመጨረሻም ናሱ እንዳይጠቁር በስስ ቫርኒሽ ይቀባል።

ይህ ሁሉ ኮከቡን ለማየት ያስችላል እንጂ ቦታውን ለመለካት አይበቃም። ለመለካት ቴሌስኮፑ በዲግሪና በደቂቃ በተከፋፈለ ክብ ላይ መታሰር አለበት። በ1789 የተጠናቀቀው የፓሌርሞው ክብ 5 ጫማ፣ ማለትም ወደ 1.5 ሜትር የሚጠጋ ስፋት አለው። በዚህ ክብ ጠርዝ ላይ አንድ የቅስት ሰከንድ ከ4 ማይክሮሜትር ያነሰ ርዝመት ነው፤ ከሰው ጠጉር ውፍረት ከዐሥር እጥፍ በላይ ይቀጥናል። መስመሮቹ የሚነበቡት ማይክሮሜትር በተገጠመላቸው አጉሊ መነጽሮች ነው፤ ተመልካቹም ምልከታውን ደጋግሞ አማካዩን ይወስዳል። ይሁን እንጂ የመስመሮቹ አከፋፈል ሥርዓት ያለው ስሕተት ካለበት ድግግሞሽ ብቻውን አያርመውም።

ሙቀት ደግሞ ሌላ ችግር ነው። 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው ናስ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ለውጥ ወደ 30 ማይክሮሜትር ገደማ ይረዝማል። ክቡ በሁሉም በኩል እኩል ቢሞቅ ማእዘኖቹ አይለወጡም፤ አንደኛው ጎን ብቻ ሲሞቅ ግን ይዛባሉ። የባለሙያው እጅና ገላ የሚያመነጩት ሙቀት ሳይቀር የስሕተት ምንጭ ነው ማለት ነው። በ1750 ለግሪኒች የምልከታ ጣቢያ ባለ 8 ጫማ የግድግዳ ሩብ ክብ የሠራው ጆን በርድ መሣሪያውን በሙሉ ከናስ መሥራቱ ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ ብረትና ናስ ሲቀላቀሉ አንዱ ከሌላው እኩል ስለማይረዝም መሣሪያው ይጣመማል። ይህ በቃል የሚነገር ቀላል ነገር ይመስላል፤ በሥራ ላይ ግን የቁስ ባሕርይን፣ የስሕተት ትንተናንና የእጅን ልምድ በአንድ ላይ የሚጠይቅ ፊዚክስ ነው።

አንድ ኮከብ፣ ሁለት ባለሙያዎች

ፒያዚ ለፓሌርሞ መሣሪያ ፍለጋ ወደ ለንደን በሄደ ጊዜ ትእዛዝ ሰጥቶ አልተመለሰም። ራምስደን በጥራቱ የታወቀውን ያህል ቀጠሮ ባለማክበሩም የታወቀ ነበር፤ ለደብሊን የምልከታ ጣቢያ የታዘዘው ክብ የደረሰው በ1808፣ ባለሙያው ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። ፒያዚ ግን ክቡ እስኪጠናቀቅ ድረስ ከወርክሾፑ ሳይርቅ ጠበቀ፤ የመሣሪያውንም አሠራር ጠንቅቆ ዐወቀ። በኋላ በሠራው የከዋክብት ዝርዝር ላይ ያሳየው እምነት በከፊል ከዚህ ቅርበት የመነጨ መሆኑን መገመት ይቻላል። መሣሪያው ምን ያህል እንደሚታመን ያወቀው ሲሠራ አይቶ ነውና።

በዚሁ ክብ ካደረጋቸው ምልከታዎች አንዱ 61 ሲግኒ የተባለችውን ደብዛዛ ኮከብ ይመለከታል። ፒያዚ ኮከቧ ከሌሎቹ አንጻር ቦታዋን በፍጥነት እንደምትለውጥ ተገነዘበ፤ ለውጡ በዓመት ከ5 የቅስት ሰከንድ በላይ ነው። ቤሰልም ፈጥና የምትንቀሳቀስ ኮከብ ቅርብ ልትሆን ትችላለች በሚል ሐሳብ መርጦ ለካት። ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር ኮከቧ የምታሳየው የፓራላክስ ለውጥ 0.31 የቅስት ሰከንድ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ይህ መጠን በፓሌርሞው ክብ ጠርዝ ላይ ቢመተር ከ1 ማይክሮሜትር ብዙም አይበልጥም።

ይህን ልኬት ያስቻለው ሄሊዮሜትር በአሠራሩ ድፍረት የሚጠይቅ ነው። ባለሙያው ለወራት የደከመበትን፣ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለውን ምስሪት መካከሉን ለሁለት ይቆርጠዋል። ሁለቱ ግማሾች በረቂቅ ብሎን አማካይነት እርስ በርሳቸው እየተንሸራተቱ የሁለት ከዋክብትን ምስል ያገናኛሉ፤ በከዋክብቱ መካከል ያለው ርቀት ከብሎኑ ዙር ይነበባል። ፍራውንሆፈር በ1826 በ39 ዓመቱ ስለ ሞተ መሣሪያው ኮኒግስበርግ ደርሶ ሲተከል አላየም። የራምስደን ክብ ኮከቧን አመለከተ፤ የፍራውንሆፈር ምስሪት ርቀቷን ሰጠ። የፒያዚንና የቤሰልን ሥራ የሚያገናኘው ክር በሁለት ወርክሾፖች ውስጥ ያልፋል።

የተገለጠ ሙያና የተሰወረ ሙያ

የእጅ ዕውቀት እንዴት ይተላለፋል? በዚህ ረገድ የሁለቱ አገሮች ልምድ የተለያየ ነው። በብሪታንያ የኬንትሮስ ቦርድ በ1767 ለጆን በርድ 500 ፓውንድ ሲከፍል የአከፋፈል ዘዴውን ጽፎ እንዲያሳትምና ተለማማጅ እንዲያስተምር አስገድዶት ነበር። ለራምስደን የክፍፍል ማሽንም 615 ፓውንድ ተከፍሏል። የዚህ ማሽን ጎማ 2,160 ጥርሶች ነበሩት፤ ብሎኑ ስድስት ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ዲግሪ ይሄዳል። ማሽኑ የሚያገለግለው እንደ ሴክስታንት ላሉ አነስተኛ መሣሪያዎች ነበር፤ ትልልቆቹ ክቦች በእጅ መከፋፈላቸው ቀጠለ። ራምስደን በውሉ መሠረት የማሽኑን ገለጻ በ1777 አሳተመ፤ ሌሎች ባለሙያዎችን ማሠልጠንና መሣሪያቸውን በተወሰነ ዋጋ መከፋፈልም ግዴታው ሆነ። የሕዝብ ገንዘብ የገዛው ዕቃ ብቻ ሳይሆን ዕውቀትም ነበር።

በባቫሪያ የሆነው ሌላ ነው። ፍራውንሆፈር የሚሠራበት ድርጅት ጥራት ያለው የምስሪት ብርጭቆ የሚያወጣው ፒየር ልዊ ጊናን የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ባመጣው ዘዴ ነበር፤ የቀለጠው ብርጭቆ ከሸክላ በተሠራ ማማሰያ እየተማሰለ አረፋውና ዥንጉርጉር መስመሩ ይጠፋል። ዘዴው በንግድ ምስጢርነት ተጠበቀ። ፍራውንሆፈር በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ስላያቸው ጥቁር መስመሮች በዝርዝር ጽፏል፤ የብርጭቆውን አሠራር ግን አልገለጠም። የባቫሪያ የሳይንስ አካዳሚ አባል እንዲሆን በታጨ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሌለው የእጅ ባለሙያ ነው በሚል ተቃውሞ ተነሥቶበት ነበር። በ1820ዎቹ እንግሊዞች ተመሳሳይ ብርጭቆ ለመሥራት ማይክል ፋራዴይን መደቡ። በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ የላቀ የሙከራ ሰው ለዓመታት ደክሞ የባቫሪያውን የሚተካከል ብርጭቆ ለቴሌስኮፕ ሠሪዎች ማቅረብ አልቻለም። ምስጢሩ ወደ ፈረንሳይ የተሻገረው በጊናን ልጅ በኩል ነው፤ ወደ በርሚንግሃም የገባው ደግሞ ከእርሱ የተማረው ጆርጅ ቦንታን በ1848 ሲሄድ ነው። ዕውቀቱ የተጓዘው ሰው ሲጓዝ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የእጅ ዕውቀት በወረቀት ብቻ አይተላለፍም፤ የኬንትሮስ ቦርድ ከኅትመቱ ጋር ሥልጠናን የጠየቀው ይህን ስለ ተረዳ ይመስላል። ሁለተኛ፣ ምስጢር መጠበቅ የባለሙያው ክፋት አይደለም፤ እንጀራው ነው። ሙያውን እንዲገልጥ የሚፈልግ ማኅበረሰብ ዋጋውን መክፈል አለበት፤ ዋጋውም ገንዘብና ክብር ነው። ራምስደን በ1786 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ፤ በ1795 ደግሞ የኮፕሊ ሜዳልያ ተሸለመ። ክብሩ ዘግይቶም ቢሆን መጥቷል።

ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

ዛሬ የቴሌስኮፕ መስታወት በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን ይለሰልሳል፤ የብርሃን መቀበያውም በፋብሪካ የሚወጣ የሲሊከን ሰሌዳ ነው፤ ስለ ናስና ስለ ሞረድ መናገር ናፍቆት እንጂ ምክር አይሆንም የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው። ወደ ናስ እንመለስ የሚል አይኖርም፤ ተመራማሪ ሁሉ ቶርኖ ይያዝ ማለትም ከንቱ ነው። ይሁን እንጂ ቁሳቁሱ ቢለወጥም የሥራው ጠባይ አልተለወጠም። የዛሬውም መሣሪያ በሙቀት ይዛባል፤ በክብደቱ ይጎብጣል፤ መቀበያው ባዶ ሰማይ ላይ እንኳ የራሱን ምልክት ይጨምራል። ከኮምፒውተሩ የሚወጣውን ቁጥር የሚያምን፣ ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ ግን ያላየ ተማሪ የመሣሪያውን ጉድለት የሰማይ ግኝት አድርጎ ሊያቀርብ ይችላል። መሣሪያን ፈትቶ የገጠመ ሰው ግን መጠራጠር ያለበትን ቦታ ያውቃል።

ጉዳዩ ኢትዮጵያን እንዴት ይመለከታል?

በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ጣቢያ፣ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። መሣሪያዎቹ ከውጭ ተገዝተው የመጡ ናቸው፤ መግዛቱ ነውር አይደለም፤ ፓሌርሞም ከለንደን ገዝታለች። ልዩነቱ ገዢው ከዕቃው ጋር ምን ያህል ዕውቀት ይዞ ተመለሰ የሚለው ነው። ፒያዚ የመሣሪያውን አሠራር ተምሮ ተመለሰ። የዛሬ የግዥ ውል ይህን የሚጠይቅ አንቀጽ ከሌለው፣ የመጀመሪያው ብልሽት ሲደርስ ምርምሩ የጥገና ባለሙያ ጠባቂ ይሆናል።

የሙያ መሠረት የለም ማለትም አይቻልም። የኢትዮጵያ አንጥረኞች መስቀልን በሰም ቀርጸው፣ በጭቃ ሸፍነው፣ ሰሙን አቅልጠው በማውጣት በስፍራው የቀለጠ ማዕድን የማፍሰስን ጥበብ ለዘመናት ይዘው ኖረዋል። ማኅበረሰቡ ግን ጥበቡን እየተጠቀመ ጥበበኛውን ቀጥቃጭና ቡዳ እያለ ሲሰድብ ኖሯል፤ ዐፄ ምኒልክ ስድቡን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። በአካዳሚው ዓለም ስድብ የለም፤ ነገር ግን የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን የሠራው ሥራ በጽሑፉ ላይ ስሙ ሳይጠራ ሲቀር የአሮጌው ንቀት ጥላ ይታያል። ፍራውንሆፈርን ከአካዳሚ ሊያስቀረው የሞከረው አመለካከትም ከዚህ የራቀ አልነበረም።

ስለዚህ የድኅረ ምረቃ ፕሮግራሞች ሦስት ነገሮችን ቢያደርጉ ተገቢ ነው። የመጀመሪያው፣ ተሠርቶ፣ ተፈትኖና የስሕተት መጠኑ ተለክቶ የቀረበ መሣሪያ ከአሠራሩ ሙሉ ገለጻ ጋር እንደ መመረቂያ ሥራ እንዲቆጠር ነው። ይህ ደንብ ከሌለ ብርቱ ተማሪ ሁለት ዓመቱን በወርክሾፕ ለማሳለፍ አይደፍርም፤ ቢደፍርም አማካሪው ይከለክለዋል። ሁለተኛው፣ መሣሪያውን የሠራ ወይም ያስተካከለ ቴክኒሻን ለውጤቱ ባበረከተው ልክ የጥናቱ ተባባሪ ደራሲ እንዲሆን ነው። ሦስተኛው፣ ከውጭ የሚገዛ ማንኛውም ትልቅ የምርምር መሣሪያ ውል ሻጩ ቢያንስ ጥቂት የአገር ውስጥ ባለሙያዎችን መሣሪያው በሚሠራበት ወርክሾፕ ውስጥ እንዲያሠለጥን የሚያስገድድ እንዲሆን ነው።

የመጨረሻው ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ የኬንትሮስ ቦርድ ከበርድና ከራምስደን ጋር ካደረገው ውል የተወሰደ ነው። ሦስቱም ትልቅ በጀት አይጠይቁም። የሚጠይቁት የትምህርት ክፍሎች ምን ዕውቀት ነው ብለው እንደሚቆጥሩ እንደገና እንዲያስቡ ነው፤ ይህም በመጀመሪያ የሚወሰነው የመመረቂያ ሥራ መመዘኛ በሚጸድቅበት ጉባኤ ላይ ነው።