ወደብ አልነበረንም ያለው ማነው?

እኛ ነቀምቴ ያደግን ልጆች ባህር አናውቅም። ቢበዛ ፊንጫ ሐይቅ ዳር ቆመን ፎቶ ተነስተናል። የሸገር ጓደኞቻችን የሞምባሳና የዛንዚባር ፎቷቸውን ሲያሳዩን «አቤት አሸዋ!» እንላለን። ቅናት ነው፣ አንክድም። ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነዱ ከተፈረመ ወዲህ ደግሞ ሻይ ቤቱ ሁሉ ስለ ባህር በር ያወራል። እኛም አብረን እናወራለን።

ግን ወለጋ ቡናውን የሚጭንበት ወደብ እንደነበረው ስንቶቻችን እናውቃለን? ባሮ ወንዝ ላይ ያለችውን ጋምቤላን ማለታችን ነው። አጼ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል ኢታንግ አጠገብ ከ400 ሄክታር ለማይበልጥ የንግድ ጣቢያ ቦታ ፈቀዱ፤ ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ቆመ። ክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም ይመጣል። ከሳዮ፣ ማለትም ከዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ ቡናው በአጋሰስ ወርዶ ይጫናል። ጨውና ጨርቅ ደግሞ ሽቅብ ይወጣል። በጋ ሲገባ ወንዙ ይጎድልና መርከቡ ይቀራል። በዓመት ጥቂት ወር ብቻ የሚሠራ ወደብ! ቢሆንም ይሠራ ነበር። ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1956 ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

ወደብ ሲባል አሸዋና ፀሐይ ብቻ ለሚታየው ደግሞ ሌላ ታሪክ አለን። ኦነሲሞስ ነሲብ ልጅ ሳለ በባርነት ተሸጦ ምጽዋ ደረሰ። ነጻ የወጣውም እዚያው ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ በ1899 አሳተመ፤ በ1931 ነቀምቴ አረፈ። የባህሩን መራራ ጎን የቀመሰ ሰው እዚሁ እኛ ከተማ ኖሯል።

ጥንታዊ ትክል ድንጋይ ያማረው ጢያ ይሂድ፤ 36ቱ ድንጋዮች ከ1980 ጀምሮ የዩኔስኮ ቅርስ ናቸው፣ ለአዲስ አበባ ሰው የደርሶ መልስ መንገድ ነው። የእኛ ወደብ ግን ደርሶ መልስ አይደለም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ሊያይ የሚመጣ ሰው የቡናውን መንገድ እስከ ባሮ የሚያሳይ አንድ ካርታ ግድግዳ ላይ ቢያገኝ ምን አለ? ትልቁ ጥያቄያችን ግን መንገዱ ራሱ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በቆየው ግጭት ከነቀምቴ ጊምቢ፣ ከጊምቢ ደምቢ ዶሎ መሄድ ለእንግዳ ቀርቶ ለባላገሩም ያስፈራ ጊዜ ብዙ ነው። አጋሰስ ነጂው በእግሩ የወረደውን መንገድ እኛ በመኪና ፈራነው። ጓደኞቻችን «መቼ እንምጣ?» ብለው በጠየቁን ቁጥር «ትንሽ ቆዩ» እያልን እነሆ ዓመታት አለፉ።