ወቀሳው ለፖለቲከኞች፣ ሒሳቡ ለሦስተኛ ወገን

መርካቶ ውስጥ ሁለት ሸሪኮች በጣምራ ፊርማ የሚያንቀሳቅሱት የባንክ ሒሳብ አላቸው እንበል። ወር ሲያልቅ አንደኛው፣ «ያ የማልወደው ውል ካልፈረሰልኝ የሠራተኛ ደመወዝ ቼክ ላይ አልፈርምም» ይላል። ሌላው ደግሞ፣ «ውሉንና ቼኩን ምን አገናኛቸው?» ብሎ አሻፈረኝ ይላል። ሱቁ ይዘጋል። ማን ዘጋው ቢባል ሁለቱም ጣታቸውን ወደ ሌላው ይቀስራሉ። ዘበኛው፣ ወዛደሩና ዕቃ በዱቤ ያስረከበው ነጋዴ ግን የሚጠይቁት ሌላ ነው፤ ገንዘባችን መቼ ይከፈላል?

የአሜሪካ መንግሥት በጤና መድን ጠብ ሳቢያ በ2013 እና በ2025 የተዘጋው በዚሁ መልክ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሁለቱም ጊዜ ሪፐብሊካኖችና ዴሞክራቶች ሲወዛገቡ የሰነበቱት «ጥፋቱ የማን ነው?» በሚለው ላይ ነበር። በገበያ ዓይን ሲታይ ግን ዋናው ነገር ወቀሳው ርካሽ መሆኑ ነው። ርካሽ የሆነ ነገር ደግሞ ደጋግሞ ይሸመታል።

የተዘጋውና ያልተዘጋው

ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ በተለምዶ «ኦባማኬር» የሚባለውን የጤና መድን ማሻሻያ ሕግ የፈረሙት በማርች 2010 ነው። ለመጨረሻው ረቂቅ አንድም ሪፐብሊካን ድምፁን አልሰጠም። በ2013 የተወካዮች ምክር ቤቱን የያዙት ሪፐብሊካኖች ለዚህ ሕግ ገንዘብ ካልተከለከለ ወይም ሕጉ ካልዘገየ በጀቱን አናጸድቅም አሉ። ሴኔቱን የያዙት ዴሞክራቶችና ፕሬዚዳንቱም በእምቢታቸው ጸኑ። የበጀት ዓመቱ የመጀመሪያ ቀን የሆነው ኦክቶበር 1 በጀት ሳይኖር ነጋ። በአሜሪካ ሕግ ኮንግረስ ያልፈቀደው ገንዘብ ወጪ አይደረግምና 800,000 ያህል የፌዴራል ሠራተኞች ያለ ደመወዝ ቤታቸው ተቀመጡ።

እዚህ ላይ ነጋዴ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። የተዘጋው መንግሥት እንጂ ኦባማኬር አልነበረም። የሕጉ አብዛኛው ገንዘብ የሚከፈለው በየዓመቱ በሚጸድቅ በጀት ሳይሆን በቋሚ ሕግ ነው፤ በባንክ ቋንቋ ቋሚ የክፍያ ትእዛዝ እንደማለት። ሸሪኩ ቼክ አልፈርምም ቢል ቋሚ ትእዛዙ ሥራውን አያቆምም። እንዲያውም የመድን መሸጫው ድረ ገጽ የተከፈተው መንግሥት በተዘጋበት በዚያው ቀን ነው። ድረ ገጹ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ተንኮታኮተ፤ በዚያ ዕለት ተመዝግበው የጨረሱት ስድስት ሰዎች ብቻ እንደነበሩ ኋላ ይፋ የሆነ የመንግሥት ማስታወሻ አሳይቷል። ለሪፐብሊካኖች ከዚህ የተሻለ መከራከሪያ አልነበረም። ሆኖም የአገሩ ወሬ ሁሉ የተዘጉት ፓርኮችና ባዶ የቀሩት ቢሮዎች ስለነበሩ፣ የባላንጣቸው ውድቀት በራሳቸው ጫጫታ ተሸፈነ።

ከ16 ቀናት በኋላ መንግሥት ሲከፈት ኦባማኬር ከሞላ ጎደል እንደነበረ ነበር። ስታንዳርድ ኤንድ ፑርስ የተባለው ደረጃ መዳቢ ድርጅት የኢኮኖሚውን ጉዳት 24 ቢሊዮን ዶላር ሲል ገመተ። ላልተሠራ ሥራ ብቻ 2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ደመወዝ ተከፈለ። በወቅቱ በተደረጉ የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች አብላጫው ሰው የወቀሰው ሪፐብሊካኖችን ነበር። ነገር ግን ከ13 ወራት በኋላ፣ በኖቬምበር 2014 በተካሄደው ምርጫ፣ እነዚሁ ሪፐብሊካኖች ሴኔቱን ጭምር ተረከቡ። ወቀሳው እስከ ምርጫው ድረስ እንኳ አልዘለቀም።

ሚናው ሲገለበጥ

በ2025 ተዋንያኑ ቦታ ተለዋወጡ። በዚህ ጊዜ ፕሬዚዳንትነቱንም ሁለቱንም ምክር ቤቶችም የያዙት ሪፐብሊካኖች ነበሩ። ይሁንና በሴኔቱ በጀት ለማሳለፍ 60 ድምፅ ስለሚያስፈልግ የዴሞክራቶች ፊርማ የግድ ነበር። ዴሞክራቶችም በ2021 የተጨመረውና በ2025 መጨረሻ ጊዜው የሚያበቃው የመድን አረቦን ድጎማ ካልተራዘመ አንፈርምም አሉ። ሪፐብሊካኖች በበኩላቸው፣ «መጀመሪያ መንግሥት ይከፈት፣ ስለ ድጎማው ኋላ እንነጋገራለን» አሉ። በ2013 ዴሞክራቶች ሲናገሩት የነበረውን ቃል በ2025 ሪፐብሊካኖች ደገሙት።

መዝጊያው 43 ቀናት ቆየ፤ እስከዚያ ድረስ ከታዩት ሁሉ ረጅሙ ነበር። ለማብቃቱ ምክንያት የሆነው ከዴሞክራቶቹ ወገን ስምንት ሴናተሮች ለመክፈቻው ሕግ ድምፅ መስጠታቸው ነው። በድጎማው ረገድ ያገኙት በዲሴምበር ድምፅ ይሰጥበታል የሚል ቃል ብቻ ነበር። ድምፁ ተሰጠ፤ ረቂቁ 60 ሳይሞላ ወደቀ፤ ድጎማውም ዓመቱ ሲያልቅ አበቃ። ጥያቄውን ያነሱት ዴሞክራቶች ግን በወቀሳ አልተጎዱም። መንግሥት ተዘግቶ ሳለ፣ በኖቬምበር 4፣ ብዙ የፌዴራል ሠራተኛ በሚኖርባት በቨርጂንያ የአገረ ገዥነቱን ምርጫ አሸንፈዋል።

በመካከል የነበረው የ2018ቱም መዝጊያ ከዚህ አይለይም። ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ለድንበር ግንብ 5.7 ቢሊዮን ዶላር ጠይቀው መንግሥት 35 ቀናት ተዘጋ፤ የጠየቁትን ሳያገኙ ተከፈተ። ሦስቱን ሒሳቦች ጎን ለጎን ላስቀመጠ ውጤቱ አንድ ነው። ቼኩን የያዘው ወገን የፈለገውን አላገኘም፤ በወቀሳም ዘላቂ ዋጋ አልከፈለም። ኪሳራው የወደቀው ፊርማ በሌለው ሰው ላይ ነው።

ከፋዩ ማነው?

በ2019 በወጣ ሕግ መሠረት የፌዴራል ሠራተኛ መንግሥት ሲከፈት ውዝፍ ደመወዙ ይከፈለዋል። በኮንትራት ድርጅት ሥር ሆኖ የመንግሥት ሕንፃ የሚጠርገው፣ የሚጠብቀውና ምግብ የሚያቀርበው ሠራተኛ ግን ይህ ዋስትና የለውም። የኮንግረስ የበጀት ጽሕፈት ቤት ስድስት ሳምንት የሚቆይ መዝጊያ ከአሜሪካ ኢኮኖሚ 11 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተመልሶ የማይገኝ ምርት እንደሚያስቀር ገምቶ ነበር። 43 ቀናት ማለት ስድስት ሳምንት ከአንድ ቀን ነው።

ጉዳዩ ከአዲስ አበባም የራቀ አይደለም። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በሚገኙት የሜሪላንድና የቨርጂንያ ከተሞች ታክሲ የሚነዱ፣ የመኪና ማቆሚያ የሚሠሩና ምግብ ቤት የከፈቱ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። የመንግሥት ቢሮ ሲዘጋ ተሳፋሪውም ተመጋቢውም ይቀንሳል። አሠሪ መድን የማይገዛለት የታክሲ ባለቤት ደግሞ ጠብ የተነሳበትን ያንኑ የኦባማኬር መድን ከሚሸምቱት ወገን ነው። በመዝጊያው ወራት ገቢው ይቀንሳል፤ ጥር ሲገባ አረቦኑ ይጨምራል። ወደ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብም የሚወጣው ከዚያው ኪስ ነው።

የአክሲዮን ገበያው ግን አልደነገጠም። ዋናው የአሜሪካ የአክሲዮን ጠቋሚ በ2013ም በ2025ም መዝጊያው ሲያበቃ የነበረበት ደረጃ መዝጊያው ከመጀመሩ በፊት ከነበረው ከፍ ያለ ነበር። ገበያው ደመወዝ ማዘግየትንና ዕዳ አለመክፈልን ለይቶ ያውቃል። በ2013 ያስፈራው የዕዳው ጣሪያ ነበር። ግምጃ ቤቱ ተጨማሪ የመበደር አቅሜ ኦክቶበር 17 ያበቃል ባለ ጊዜ፣ ወለዱ ወደ ዜሮ ተጠግቶ የነበረው የአራት ሳምንት የግምጃ ቤት ሰነድ በጨረታ 0.35 በመቶ ደረሰ። አበዳሪዎች ከሦስት ወሩ ይልቅ ለአንድ ወሩ ብድር የበለጠ ወለድ ጠየቁ። ከወቀሳው ጩኸት ይልቅ እውነቱን የተናገረው ይህ ቁጥር ነው።

ሌላው ብዙ ያልተወራለት ጉዳት የመረጃ መጥፋት ነው። የእህል ነጋዴ በዓለም ዙሪያ የሚጠብቀው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የአቅርቦትና ፍላጎት ወርኃዊ ዘገባ በኦክቶበር 2013ም በኦክቶበር 2025ም አልወጣም። የኦክቶበር 2025 የሥራ አጥነት መጠን ጭራሹን አልታተመም፤ መረጃው ያን ጊዜ ስላልተሰበሰበ ኋላ ሊሞላ አልቻለም። ሚዛን በሌለበት ገበያ የሚያተርፈው የራሱን ሚዛን የያዘ ብቻ ነው፤ ትንሹ ነጋዴ ደግሞ የራሱ ሚዛን የለውም።

በእርግጥ በጀትን ማጽደቅም መከልከልም የምክር ቤት ሕጋዊ ሥልጣን ነው፤ ያለዚያ አናሳው ወገን የሚደራደርበት ሌላ ዋነኛ መሣሪያ የለኝም ቢል ሐሰት አይባልም። በጀት ሳይጸድቅ ሲቀር ያለፈው ዓመት በራሱ ይቀጥል የሚለው ሐሳብም ነባሩን ለሚወድ ወገን እንደሚያደላ አይካድም። ሆኖም የማያተርፍ መሣሪያ በሕጋዊነቱ ብቻ ንግድ አይሆንም። ያለፈውን በጀት በራሱ ማስቀጠል ጉድለቱ እያለም፣ ሸሪኮቹ ሲጣሉ ዘበኛው ጦሙን እንዳያድር ያደርጋል።

እስከዚያው ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የ2013ቱ ስምምነት ገንዘብ የሰጠው እስከ ጃንዋሪ 15፣ 2014 ድረስ ብቻ ነበር፤ የ2025ቱም ለአብዛኞቹ መሥሪያ ቤቶች እስከ ጃንዋሪ 30፣ 2026። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ መራጩ ይፍረድ። ከየትኛውም መንግሥት ጋር የሚዋዋል ነጋዴ ግን ከመፈረሙ በፊት ሊያጣራው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ክፍያው የሚመጣው በቋሚ ትእዛዝ ነው ወይስ በየዓመቱ ሁለት ፊርማ በሚጠብቅ ቼክ?