ከአስፋልቱ ሥር

በኒውዮርክ፣ በማንሃተን ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ወንዙን ተከትሎ የሚነጉድ አውራ ጎዳና አለ። ከ23ኛው ጎዳና ከፍ ብሎ ያለው ክፍሉ የተነጠፈው በሌላ አገር ከተማ ፍርስራሽ ላይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን አውሮፕላኖች የእንግሊዟን ብሪስቶል በቦምብ ባፈራረሷት ጊዜ፣ ስንቅና ትጥቅ አራግፈው ወደ አሜሪካ የሚመለሱ መርከቦች፣ ባዶነታቸው ለማዕበል እንዳይዳርጋቸው፣ የፈረሱትን ቤቶች ድንጋይና ሸክላ ይጭኑ ነበር። ያ ጭነት ኒውዮርክ ሲደርስ የወንዙ ዳር ተሞላበት፤ መንገድም ወጣበት። እ.ኤ.አ. በ1942 በሥፍራው የመታሰቢያ ሰሌዳ ሲቆም የሰሌዳውን ቃል የጻፈው ገጣሚው ስቲቨን ቪንሰንት ቤኔ ነው።

ድንጋይ ባሕር መሻገሩ ብዙም አይደንቀኝም፤ መርከብ ክብደት ይሻል፣ ያገኘውን ይጭናል። የሚደንቀኝ፣ ከመንገዱ በታች ያለው ጠጠር የማን ቤት እንደነበረ ለመናገር ገጣሚ መጠራቱ ነው።

በእኛ ከተማ ቤት ሲፈርስ ቆርቆሮው፣ በርና መስኮቱ፣ ፌሮው ገዢ አያጣም፤ ምናለሽ ተራ ለዚህ ምስክር ነው። ኮንክሪቱ፣ ብሎኬቱና ድንጋዩ ግን ቆሻሻ ይባላል፤ ለመንገድ የሚሆነውን ጠጠር ደግሞ ተራራ እየናድን ከካባ እናወጣለን። ይህ ለእኔ ብክነት ነው። ኮንክሪትና ድንጋይ ተፈጭቶ፣ በየመጠኑ ተነፍቶ፣ ውኃ ጠጥቶ በሮለር ሲጠቀጠቅ ከአስፋልት በታች ላለው ንጣፍ ይሆናል፤ በሆላንድ ይህ የዘወትር ሥራ ነው። ልፋቱ በመለየቱ ላይ ነው። እንጨት ከገባበት በስብሶ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ጄሶ ከገባበት ከሲሚንቶ ጋር ተዋህዶ ያብጣል። ስለዚህ መለየቱ ዶዘር ከመግባቱ በፊት መጀመር አለበት፤ የተደበላለቀውን ክምር ኋላ ልለየው ማለት ጤፍን ከአሸዋ እንደ መልቀም ነው።

የጭቃ ቤት ለዚህ አይሆንም፤ ከእርሱ የሚተርፈው የመሠረቱ ድንጋይ ብቻ ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ከፈረሱት የፒያሳ ሠፈሮች፣ ከነዶሮ ማነቂያ ውስጥም የጭቃው ቤት ብዙ ነበር። ድንጋዩ መንገድ መሆኑ ለተነሣው ነዋሪ ቤቱን አይመልስለትም፤ በዚህ ሊያጽናናው የሚመጣ ቢኖር እኔም አልሰማውም። ነገር ግን ከእንግዲህ ቤቱ የሚፈርስበት ሰው፣ ልጁን ይዞ በዚያ ሲያልፍ፣ ‹‹የቤታችን መሠረት እዚህ ሥር ነው›› ለማለት እንዲችል እሻለሁ። ረጅም ጽሑፍ አያስፈልግም፤ በመንገዱ ዳር፣ በአንዲት ሰሌዳ ላይ፣ የሠፈሩ ስም ብቻ ቢቀረጽ ይበቃኛል።