ትርምስ የገዥ ማጣት ነውን?

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ በ1651 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሌቫያታን»፣ የበላይ ገዥ በሌለበት ሰው ሁሉ በሰው ላይ ይዘምታል ሲል ጻፈ። ኦጉስት ኮምት በበኩሉ የፈረንሳይ አብዮት ያናጋውን ኅብረተሰብ መልሶ ለማቆም አዲስ ሳይንስ ያስፈልጋል ብሎ በ1830ዎቹ መጨረሻ «ሶሲዮሎጂ» የሚል ስም አወጣለት። ይህ ዕውቀት የተወለደው ከትርምስ ፍርሃት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ሰባት ቤት ጉራጌ በምኒልክ ዘመን ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ከመጠቃለሉ በፊት ቤቶቹን ሁሉ የሚገዛ አንድ ንጉሥ አልነበረውም። ዳኝነት ግን ነበረው፤ ሽማግሌዎች በየጆካ ሸንጎ ተቀምጠው በ«ቅጫ» የደም ካሣ ይወስኑ፣ ባላንጣ ያስታርቁ ነበር። እንከን አልባ አልነበረም፤ የቃቄ ወርድወት የጋብቻ ሕጉ ሴቶችን ይበድላል ብላ የሞገተችው፣ እንደሚነገረው፣ በዚሁ ሸንጎ ፊት ነው። ቢሆንም ንጉሥ ስለታጣ ብቻ ትርምስ አልነገሠም።

በአንጻሩ በ2010 ዓ.ም. ወልቂጤ ላይ በጉራጌና በቀቤና፣ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በቡታጅራ አካባቢ በመስቃንና በማረቆ ተወላጆች መካከል ደም ሲፈስ መንግሥትም ፖሊስም ነበሩ። የጠፋው ገዥ ሳይሆን ሁለቱም ወገኖች አምነው የሚቀርቡበት የጋራ ዳኛ ነበር። የጆካ ጉራጌን ያስታርቃል፤ ጎረቤቱን ግን ጉራጌ ብቻውን በተቀመጠበት ሸንጎ ሊዳኘው አይችልም። ስለዚህ ባለሥልጣናቱ ጦር ከመላክ አልፈው የየወገኑ ሽማግሌዎች እኩል የሚቀመጡበት ሸንጎ እንዲቆም መንገዱን ይክፈቱ። የታጠቀ ኃይል ግርግሩን ያበርድ ይሆናል፤ ቂምን የሚሽረው ግን የታመነ ዳኛ ነው።